ድራየራችን ሲጮኽ ምን እያለን ነው?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በቤት ጥገና ቡድን ስም የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው በየቤታችን ስላለ፣ ነገር ግን ሲበላሽ ብቻ ስለምናስታውሰው ዕቃ ነው፤ ስለ ልብስ ማድረቂያ፣ በተለምዶ ድራየር ስለምንለው። ወደ ቡድናችን ከሚመጡት ጥያቄዎች መካከል «ድራየሬ መጮኽ ጀመረ፣ ምን ላድርግ?» የሚለው ስለበዛ፣ ለእያንዳንዷ በስልክ ከመንገር ለሁላችሁም በአንድ ላይ ማስረዳት ይሻላል ብለን ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው ልብስ በገመድ ተሰጥቶ ፀሐይ በሚያደርቀው አገር ነው። ድራየርን ያወቅነው እዚህ አሜሪካ ከመጣን በኋላ ነው፤ ቁልፉን መጫን ተማርን እንጂ ውስጡን ያሳየን የለም። ስለዚህ ሲጮኽ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ የክፍሉን በር ዘግተን እንዳልሰማን እንሆናለን፣ ወይ ባለሙያ ጠርተን የተባልነውን እንከፍላለን። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ድምፁን አዳምጦ ከየት እንደሚመጣ መለየት፣ ከዚያም «ራሳችን እንጠግነው ወይስ ሰው እንጥራ?» የሚለውን አውቆ መወሰን።

ማዳመጥ ደግሞ ለእኛ አዲስ ሙያ አይደለም። ወጥ ሊያር ሲል ክዳኑን ሳንከፍት እናውቃለን። ወፍጮ ቤት ተራ የጠበቅን ሁሉ፣ የወፍጮው ድምፅ ሲለወጥ ባለወፍጮው ወሬውን አቋርጦ ከመቀመጫው ሲነሣ አይተናል። ድራየርም እንደዚያው ነው፤ ሳይሰበር በፊት ይናገራል።

ቸል ማለት ምን ያስከፍላል?

አንደኛው ዋጋ የገንዘብ ነው። ከበሮውን የሚሸከመው ትንሽ ጎማ ሲያልቅ ከበሮው ይዘማል፣ ቺንጊያው ካለቦታው ይፋተጋል፣ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ ይጎትታል። ዛሬ በትንሽ ዋጋ የሚገዛ ዕቃ ሳይለወጥ ቀርቶ ነገ ሞተር ያስለውጣል።

ሁለተኛው ዋጋ ግን ከገንዘብ በላይ ነው፤ እሳት። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ በመረመረበት ዘገባው፣ በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከልብስ ማድረቂያ የሚነሣው እሳት በዓመት 2,900 ያህል እንደሆነ ገምቷል። ከመንሥኤዎቹ ትልቁ፣ 34 በመቶ የሚሆነው፣ አለማጽዳት ነው። እሳቱ የሚበዛውም በበልግና በክረምት ሲሆን በጃንዋሪ ወር ከሁሉ ይብሳል፤ ወፍራም ልብስ የምንደራርብበትና ማሽኑም የማያርፍበት ወቅት ነው።

ድምፅና እሳት ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ከበሮው ከቦታው ሲዘም ጠርዙን የሚዘጋው ወፍራም ጨርቅ ይበላል፤ በዚያ ክፍተት የልብሱ ብናኝ፣ ሊንት የምንለው፣ ወደ ማሽኑ ሆድ ይገባል። እዚያ ደግሞ ማሞቂያው አለ። ብናኝ ማለት ደረቅ ጥጥ ነው፤ ለእሳት ከዚህ የተሻለ ማቀጣጠያ የለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ለዚህ ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ድራየር ከልብስ ማጠቢያው በጣም የቀለለ ማሽን ነው። ውኃ አያስገባም፣ ውኃ አያስወጣም። ሊያልቁና ሊጮኹ የሚችሉት ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ትልቁ ነገር ልብሱን የሚያገላብጠው የብረት ከበሮ ነው። ከበሮው በአብዛኞቹ ማሽኖች ከኋላ በኩል በሁለት ትናንሽ ጎማዎች ላይ ተቀምጦ ይዞራል፤ ሮለር ይባላሉ። በሮለር ፈንታ ከኋላ መሐሉ ላይ አንድ ኩሽኔታ ያለባቸው ማሽኖችም አሉ። ከፊት በኩል ብዙውን ጊዜ በሚያንሸራትቱ የፕላስቲክ ቁራጮች ላይ ያርፋል፤ ግላይድ ይባላሉ። ከበሮውን የሚያዞረው ቀጭን ረጅም ቺንጊያ ነው፤ ከበሮውን ከብቦ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ቺንጊያው እንዳይላላ የሚወጥረው ትንሽ ጎማ አይድለር ፑሊ ይባላል። ሞተሩ ደግሞ አየር ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ፋንም ያዞራል፤ ብሎወር ዊል ይባላል።

እነዚህን ስሞች እንደ እንግሊዝኛው የምንጠራቸው፣ መለዋወጫ መደብር ስንሄድ የምንጠይቀው በእነሱ ስለሆነ ነው። ቺንጊያንም «ቤልት» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመንካታችን በፊት

ጥንቃቄውን አስቀድመን እንናገር። ማሽኑን በቁልፉ ማጥፋት አይበቃም፤ ስፒናው ከሶኬቱ መነቀል አለበት። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ድራየር በ240 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ስልካችንን የምንሰካበት ሶኬት ግን 120 ቮልት ነው። ስፒናው ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ ካልተደረሰበት መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ማሽኑን ሳቡና ንቀሉት። ማሽኑን ለመሳብ ሁለት ሰው ይሁን። የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ወፈር ያለ ጓንት አድርጉ። ነጠላችሁንና አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ አስቀምጡ፤ ፀጉርም ይታሠር።

በጋዝ የሚሠራ ድራየር ካላችሁ የቡድናችን ደንብ አጭር ነው፤ ከውጭ የሚደረገውን ምርመራ አድርጉ፣ ማሽኑን ግን አትሳቡ፣ አትክፈቱም። የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ከቤት ውጡ፤ የምትደውሉትም ከውጭ ሆናችሁ ይሁን።

ሳይፈታ የሚደረግ ምርመራ

አንድ ካቻቢቴ እንኳ ከማንሣታችን በፊት አራት ነገር እናደርጋለን።

አንደኛ፣ ማሽኑን በሁለት እጃችን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እንነቀንቃለን። ከተወዛወዘ እግሮቹ እኩል አይደሉም ማለት ነው። እግሮቹ እንደ ብሎን ስለሚዞሩ ማስተካከል ይቻላል። ቤት የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት በዚህ ብቻ ያበቃበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፣ ከበሮውን በባትሪ እያየን በእጃችን እንዳብሳለን። ከበሮው ውስጥ ልብስ የሚያነሡት ክንፎች ላልተው ይሆን? በቀዳዳው ሳንቲም፣ ፒን ወይም የጡት መያዣ ሽቦ ተሰክቶ ይሆን? የብናኝ ማጥለያውን አውጥተን የገባበትንም ጉድጓድ እናያለን።

ሦስተኛ፣ ማሽኑን ባዶውን፣ ያለ ሙቀት እናስነሣለን። በብዙ ማሽኖች «ኤር ፍላፍ» ወይም «ኖ ሂት» የሚል ምርጫ አለ። ጩኸቱ በባዶው ከጠፋ ነገሩ ከጭነቱ ነው፤ የጫማ ኳኳታ፣ የዚፕ ቅጭልጭልታ፣ ወይም እንደ ቋጠሮ የተጠቀለለ አንሶላ። በባዶውም ከጮኸ ችግሩ ከማሽኑ ነው።

አራተኛ፣ ስፒናውን ነቅለን በሩን ከፍተን ከበሮውን በእጃችን ቀስ ብለን እናዞራለን። ደኅና ከበሮ ትንሽ እየከበደ ነገር ግን በእኩል ይዞራል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ከያዘ፣ ከፋቀ ወይም ከዘለለ፣ በእጃችን ይሰማናል። ያለ ምንም ክብደት እንደ ልቡ ከዞረ ግን ቺንጊያው ተበጥሷል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ድምፅ የሚለው

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ከዓይነቱ እኩል ፍጥነቱንም አድምጡ። ከበሮው በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በትንሹ ያነሰ ማለት ነው። ሮለሩ ግን ትንሽ ስለሆነ ከበሮው አንዴ ሲዞር እሱ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ብቻ «ድው» የሚል ከሆነ ነገሩ ያለው ከበሮው ላይ ወይም ቺንጊያው ላይ ነው፤ የላላ ክንፍ ወይም የተሰነጠረ ቺንጊያ። «ድው-ድው-ድው» እያለ የሚቻኮል ከሆነ ግን ሮለሩን ጠርጥሩ። ማሽኑ ብዙ ቀን ቆሞ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ድው ብሎ የሚተው ድምፅም አለ፤ ጎማው ወይም ቺንጊያው በተቀመጠበት ቅርጽ ስለያዘ ነው። ይህ አያስቸኩልም፤ የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ ከሄደ ግን የማለቅ ምልክት ነው።

«ሲጥ ሲጥ» የሚል ስለታም ድምፅ በአብዛኛው ከአይድለር ፑሊው ወይም ከሮለሩ ዘንግ ነው። ዘንጉ ደርቋል ወይም በብናኝ ታንቋል።

ብረት ከብረት ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ ከፊት በኩል ከመጣ ግላይዱ በልቷል፤ ከኋላ መሐል ከመጣና ማሽኑ ኩሽኔታ ያለው ዓይነት ከሆነ ኩሽኔታው ነው። በከበሮውና በግድግዳው መካከል የገባ ሽቦም እንደዚሁ ይፍቃል። ይህን ድምፅ የሰማች ሴት ያንኑ ዕለት ማሽኑን ታቁም፤ ከበሮውን ራሱን ሊቆርጠው ይችላል።

ከሥር የሚንኳኳና የሚርገበገብ፣ ከበሮው ሲዞር ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ድምፅ ከፋኑ ይሆናል። ወይ አንድ ነገር ገብቶበታል፣ ወይ ከሞተሩ ዘንግ ላይ ላልቷል። ልብሱም እንደ ድሮው ቶሎ የማይደርቅ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

«ዝዝዝ» ብሎ ሳይዞር የሚቀር ከሆነ ሞተሩ ሊዞር ፈልጎ አቅቶታል። ይህን ደጋግማችሁ አትሞክሩት፤ ሞተሩ ይቃጠላል።

አንድ ምሳሌ

በጡረታ ገንዘብ የሚተዳደሩ አንዲት እናታችን ድራየራቸው ሲጮኽ ባለሙያ ጠሩ። ባለሙያው ማሽኑን ሳይፈታ «ጊዜው አልፏል፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸው፣ የመምጫውንም ተቀብሎ ሄደ። እሳቸውም ለአዲሱ ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ድረስ እርጥብ ልብስ በየወንበሩ ላይ እየሰጡ ከረሙ። ወደ ቡድናችን ሲደውሉ የጠየቅናቸው አንድ ነገር ነው፤ «ድምፁ እንዴት ነው የሚለው?» በስልክ «ድው-ድው-ድው» ብለው አስመስለው ነገሩን። ሄደን ባዶውን ስናስነሣው እውነትም እንዳሉት ነው።

ስንከፍተው ከሁለቱ ሮለሮች የአንዱ ጎማ ተሰንጥቆ ከፊሉ ወድቋል። ሞተሩም ማሞቂያውም ደኅና ነበሩ። ሁለቱንም ሮለር፣ ቺንጊያውንና ፑሊውን ለወጥን፤ ዋጋው ተደምሮ ለባለሙያው መምጫ ከከፈሉት አነሰ። ባትሪውን ይዘው ከጎናችን የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ብሎኖቹንም በሲኒ ማስቀመጫ ላይ በየተራቸው የደረደሩልን እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጎረቤታቸው ድራየር ሲጮኽባት መጀመሪያ የምትጠራው እሳቸውን ነው።

እንዴት ይከፈታል?

ማሽኑ ከየትኛው ፋብሪካ ቢሆን መጀመሪያ የሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ፤ በአብዛኛው በሩ ሲከፈት በፍሬሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል። መለዋወጫ የሚገዛው በዚህ ቁጥር ነው፤ በዓይን አይቶ «ይመስላል» ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሮለር፣ ቺንጊያና ፑሊ በአንድ እሽግ የሚሸጥላቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። አንዱ ካለቀ ሌሎቹም እኩል ስለሠሩ፣ አንዴ ከከፈትን አብረን ብንለውጥ እንመክራለን።

የብናኝ ማጥለያው ከላይ በኩል የሚወጣ ከሆነ ከአጠገቡ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይፈታሉ። ማጥለያው በሩ ውስጥ ከሆነ በብዙ ሞዴሎች የላይኛው ክዳን ከፊት በሁለት መያዣ ተነክሷል፤ ቀጭን የቀለም ስፓቱላ በክፍተቱ አስገብታችሁ ስትገፉት ይለቅና ክዳኑ ወደ ላይ ይነሣል። ከዚያ የፊተኛው ገጽ ብሎኖች ይፈታሉ። ከበሩ ማብሪያ ጋር የተያያዘ ሽቦ ስላለ ገጹን በኃይል አትጎትቱ፤ ሶኬቱን በእጃችሁ ነቅላችሁ አላቁት። በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በተለይ ቺንጊያው በፑሊውና በሞተሩ መካከል እንዴት እንደተጠማዘዘ ሳታነሡ አታውጡት።

ቺንጊያው ከወጣ በኋላ ከበሮው በፊት በኩል ይወጣል። አሁን ሁሉም ነገር ፊት ለፊታችሁ ነው። ሮለሮቹን በጣታችሁ አዙሩ፤ ደኅናው በዝምታ ይዞራል፣ ያለቀው ይንገዳገዳል ወይም ይፈጫል። ፑሊውንም እንደዚሁ አዙሩት። ፋኑን ነቅንቁት፤ በዘንጉ ላይ መወላወል የለበትም። ሮለሩን የያዘችውን ትንሽ ክሊፕ በፒንሳ አውጥታችሁ፣ ዘንጉን በጨርቅ ጠርጋችሁ አዲሱን አስገቡ። በየሱቁ የሚሸጠውን የሚረጭ ዘይት ግን አትንፉበት። ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያ ብናኝ ይሰበስብና ድምፁ ብሶ ይመለሳል። ዘይት የጠጣ ብናኝ ደግሞ ከሙቀት አጠገብ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ሲገጠም ቺንጊያው ጥርስ ያለው ወገኑ ወደ ከበሮው ይሁን። ስፒናውን ከመሰካታችሁ በፊት ከበሮውን በእጃችሁ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩት፤ ቺንጊያው ቦታውን ይይዛል፣ ያጠፋችሁትም ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል።

ተከፍቶ ሳለ ጽዱት

ማሽኑ ከተከፈተ አይቀር ሆዱ ውስጥ ያለውን ብናኝ በቫኪዩም ሰብስቡ። ከጀርባው ወደ ውጭ የሚወጣውንም ቱቦ ንቀሉና እዩ። ቱቦው ፕላስቲክ ወይም እንደ ፎይል የሳሳ ከሆነ በጠንካራ የብረት ቱቦ ይለወጥ፤ ሳሳው ይጨማደዳል፣ በእጥፋቱም ብናኝ ይይዛል።

የእኛ ቤት ደግሞ ከሌላው ቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ጋቢ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በአንድ ጊዜ የሚያራግፈው ብናኝ ማጥለያውን ይሞላዋል። ጋቢና ነጠላ በገመድ ወይም በመስጫ ላይ ቢደርቁ ለጥለታቸውም ለማሽኑም ይበጃል። የግድ ከገባም ጋቢው ብቻውን ይግባ፤ ማጥለያውም በመካከል ይራገፍ። ማጥለያውን ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ማራገፍ ለሁሉም ቤት ነው።

መቼ እጃችንን እንሰብስብ?

የራስን ማወቅ ማለት ሁሉን መሥራት ማለት አይደለም። የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ሽቦ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከታየ፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ከወደቀ፣ ማጠቢያውና ማድረቂያው አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ የጋዝ ከሆነ ባለሙያ ይጠራ። ቤቱ የኪራይ ሆኖ ማሽኑም የባለቤቱ ከሆነ አትክፈቱት፤ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀኑንም ያዙ። በስልክ ብቻ የተነገረ ነገር ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይቆያል። ደብዳቤውን ለመጻፍ የሚያግዙ አባላት አሉን።

ባለሙያ ስንጠራም በባዶ እጃችን አንጠራም። «ማሽኔ ይጮኻል» ከማለት ይልቅ «የሞዴል ቁጥሩ ይህ ነው፤ ባዶውን ስናስነሣው ከኋላ በኩል ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው» በሉት። ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፤ እናንተም ማሽናችሁን የምታውቁ መሆናችሁን ያውቃል። ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፤ ከጨረሰም በኋላ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ይህ መብታችን ነው፤ አፍራችሁ አትተዉት።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። የሰጣችሁት ገንዘብ የገዛው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ያለው ብዙ አይደለም፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስፓቱላ፣ ጓንት፣ ባትሪና የቱቦ መጥረጊያ ብሩሽ። ነገር ግን ይህ ሳጥን በገባበት ቤት ሁሉ አንዲት ሴት ባትሪውን ይዛ ቆማ አይታለች፤ ያየችውንም ለሌላዋ ታሳያለች። ሳጥኑን መዋስ የምትፈልጉ አባላት ስማችሁን በመዝገቡ ላይ አስፍሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትከፍት አባል ከቡድናችን አንድ ሰው አብሯት ይሄዳል።

ለዛሬ ግን የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ማጥለያውን አራግፉ፣ ማሽኑን ባዶውን ያለ ሙቀት አስነሡና ለሁለት ደቂቃ ቆማችሁ አድምጡት። ደኅና ሲሆን የሚያሰማውን ድምፅ ያወቀች ሴት፣ ሲታመም ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።